ለሲሳይ የተተወው ቦታ

ከባለቤቴ ከኪሮስ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነበር። መብራት ከጠፋ ወራት አልፎታል፤ ሱቅ ውስጥ አዲስ የባትሪ ድንጋይ የለም፤ ያለው ሰውም ደብቆ ነው የሚሸጠው። እኔ ደጃፍ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። እሱ አራቱን ቀጫጭን ድንጋዮች የግንቡ አናት ላይ ደርድሮ እጁን በሱሪው ጠረገ። አንደኛው አፉ ላይ ነጭ ዱቄት አውጥቷል፤ ያ የከረመ ኮምጣጤ የሚመስል ሽታው እኔ ድረስ ይመጣል።

“እጅህን ሳትታጠብ እህሉን እንዳትነካ” አልኩት።

“እሺ፣ እትዬ መምህርት።” ድንጋዮቹን እያስተካከለ፣ “አገኘሁት እኮ፣ የሺ” አለኝ።

“ማንን?”

“ሲሳይን። ስድስተኛው ወለል ላይ፣ ከኩሬው ማዶ። አነሳነው። ወደ ላይ ልንወጣ ስንል ድንጋዩ ደከመብኝና አጠፋሁት።”

“እሰይ። አሁን ታጠብ።”

ታጥቦ ገባ። ትንሽ ጋደም ልበል አለ። ከበሩ ላይ ዞር ብሎ፣ “ፀሐይዋ ስትዞር ገልብጫቸው” አለኝ። ስትዞር ገለበጥኳቸው። ሞቀዋል ብዬ ልነግረው ስገባ ሞቶ ነበር።

ሲሳይ የኪሮስ ታናሽ ወንድም ነው። ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ የተቀበረውም ዓረብ አገር ነው። ኪሮስ ያን ቀን አገኘሁት ያለኝ በእጅ በሚያዝ አንድ አሮጌ ጌም ውስጥ ወድቆ የቀረውን፣ በሲሳይ ስም የተጠራውን፣ የጣት ጥፍር የምታህል ሥዕል ነው። ባሌ አእምሮውን የሳተ ሰው አልነበረም። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለመናገር ነው ይህን የምጽፈው፤ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቀን ከአንድ መስመር አላልፍም። ጌሙን ግን ቤታችን ከገባበት ቀን ጀምሮ ተጸይፌው ነበር። አሁንም እጸየፈዋለሁ።

ያለፈ ዘመንን ማቆላመጥም አልወድም። አብረውኝ ያስተማሩ ጡረተኞች መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ሰብሰብ ብለው “ያ ደግ ጊዜ” ማለት ሲጀምሩ ትንሽ እሰማና ነጠላዬን አስተካክዬ እነሳለሁ። ደግ ጊዜ! ያን ጊዜ ሰቆጣ ማታ ማታ ጋዝ ጋዝ ትሸት ነበር። ከኩራዝ ሥር ደብተር ሳርም አምሽቼ ጠዋት ስናፈጥ የሚወጣው ጥቁር ነው። ስኳር ርካሽ ነበር ይላሉ። ርካሽ ነበር፤ አይጥ የሸናበት ነበር። አራት ድንጋይ በአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ ይገኝ ነበርና እኛ ቤት ብዙውን ጊዜ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣው በዚያ ምክንያት ነው። የሁሉም እግር ላይ ያ ኮንጎ የሚሉት የላስቲክ ጫማ ነው፤ በበጋ እግር ይቀቅላል፣ በክረምት ጭቃ ይጠጣል፣ ሰው ቤት ገብተው ሲያወልቁት የሚመጣውን አልጽፈውም። ወንዱ ካኪ ጃኬት፣ ሴቷ ናይለን ሻሽ። መናኸሪያው ማዕዘን ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበር። የወልድያው አውቶቡስ አቧራውን አስነስቶ ሲገባ ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ከፍ ያደርገዋል፤ ሁልጊዜ ያው አንድ ዘፈን ነው፤ ክሩ ከመጎተቱ የተነሳ ዘፋኙ የታመመ ይመስላል። አሁን እዚያች ማዕዘን ላይ ባጃጆች ተሰልፈው ይጮኻሉ፤ እነሱም ያስጠሉኛል። ግን ኪሮስ በዚያ ካኪው ቆሞ ከትምህርት ቤት እስክወጣ የሚጠብቀኝ እዚያች ማዕዘን ላይ ነበር። የያዝኩትን ደብተር ሁሉ ይቀበለኛል። እጁ የከብት መድኃኒት ይሸታል፤ በማግስቱ ደብተራቸውን የመለስኩላቸው ተማሪዎች እያሸተቱ ይሳሳቁ ነበር።

ኪሮስ ከብት ከታቢ ነበር። የክትባቱን ሳጥን አህያ ላይ ጭኖ በደሃና መንደሮች ይዞራል፤ ወደ ቆላው ሰሃላ ሲወርድ ደግሞ ሳምንት ይጠፋል። ወንድሙ ሲሳይ የከብት ሥራ ጠልቶ፣ እንደ ብዙው የደሃና ወጣት በረሃውን አቋርጦ ዓረብ አገር ገባ። ከዓመታት በኋላ እዚያ ሰው ቤት ስትሠራ የቆየች የአገራችን ልጅ ስትመለስ ከሲሳይ የተላከ ዕቃ አመጣችልን፦ ብርድ ልብስ፣ ሽቶ ያለው ሳሙና፣ ከሳሙናው ጋር በአንድ ላስቲክ የተጠቀለለ ግራጫ ጌም። “ለሚወለደው ልጃችሁ ነው ብሏል” አለችን። ልጅ አልተወለደም። ጌሙ ግን የሳሙናውን ሽታ ጠጥቶት ነበርና፣ ያ የሚያቅለሸልሽ ጣፋጭ ሽታ ዓመታት ሙሉ አልለቀቀውም። ዘመዶቻችን ሆዴን እያዩ “ምነው?” ባሉ ቁጥር ያ ሳሙና ይሸተኝ ነበር።

ውስጡ የነበረው የጨዋታ ካሴት አንድ ብቻ ነው። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ አራት ሰዎች ከአንዲት ከተማ ተነስተው ጉድጓድ ይወርዳሉ። ጉድጓዱ ወለል በወለል ወደ ታች ይሄዳል፤ ግድግዳ፣ በር፣ ጨለማ፣ ደረጃ፣ እንደገና ጨለማ። አንድ እርምጃ ሲራመዱ አንድ የሚያስጠላ ነገር ይመጣባቸዋል፤ አይጥ፣ የሚሄድ ሬሳ፣ ንፍጥ። ንፍጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ የማነብለት እኔ ነበርኩ፤ ያን ግድግዳ ላይ የሚንሸራተት ዝልግልግ ነገር ሳይ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ኪሮስ በቃሉ ተደሰተ፤ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ንፍጥ ነበር የሚለው።

መጀመሪያ ቀን ጌሙ ስም ጠየቀ።

“አራቱን ሰዎች ስም ስጡ ይላል” አልኩት።

“እኔን ከፊት አድርጊኝ። ሲሳይን ከጎኔ፤ እሱ አይፈራም። ይሄ መስቀል የያዘው መምሬ ይሁን።”

“አራተኛዋስ?”

“አንቺ ነሽ።”

“ይቺ ምን እንደሆነች ታውቃለህ? ጠንቋይ ናት። እኔን ጠንቋይ ታደርገኛለህ?”

“መጽሐፍ ይዛለች አይደል? ከአራታችን ማንበብ የምትችል እሷ ብቻ ናት። ታድያ ሌላ ማንን ላድርግ?” አለና ከኋላ፣ ምት ከማይደርስበት አቆመኝ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን እንደዚያ ጉድጓድ ሆነ። የጌሙ ድምፅ ጆሮ ሥር እንደምትዞር ትንኝ ነው። እኔ ሽሮ ጎርሼ ሳለሁ “ንፍጡ መጣ!” ብሎ ይጮሃል፤ ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ወጥ የነካው አውራ ጣቱ ቁልፎቹን አጣብቋቸዋል። ድንጋዩ ሲደክም በጥርሱ ነክሶ ይመልሰዋል፤ ያን ያደረገበትን አፍ ደግሞ ወደ እኔ ያመጣል። ጉድጓዱ ውስጥ መንገድ እንዳይጠፋው መኝታ ቤታችን በር ጀርባ ላይ በከሰል ካርታ ሣለ፤ ሰሃላ ውስጥ የየመንደሩን መንገድ እንደሚሥለው አድርጎ፣ በሩን በበር፣ ደረጃውን በደረጃ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ነጠላዬ ጥላሸት ይነካል። “ጥቁር አንሶላ እንጂ ነጠላ የለበስሽ አይመስልም” ብላኛለች አንዷ የሥራ ባልደረባዬ፣ እየሳቀች።

አንድ የክረምት ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ኪሮስ ከመስኮቱ ሥር ድንገት ጌሙን ጉልበቱ ላይ አወረደው። ያ ጌም የራሱ ብርሃን ስለሌለው ሁልጊዜ መስኮት ሥር ነው የሚቀመጠው።

“ሲሳይ ወደቀ” አለኝ።

“የት?”

“ስድስተኛው ላይ። ሦስታችን ሸሽተን ወጣን።”

“ሌላ ቅጠራ! ከተማው ጠላ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ሞልተዋል። እኔው ነኝ ያነበብኩልህ።”

“አራተኛ ሰው ከያዝን ሲሳይን በምን እናመጣዋለን? የወደቀ የሚነሳው ባዶ ቦታ ሲኖር ነው።”

“አታምጡታ! ሥዕል እኮ ነው፣ ኪሮስ።”

ቀና ብሎ አየኝ። “ሬሳ ጥለን እንሂድ?” አለ።

ይህን የሚለው ከብልሃት ማጣት አይደለም። ሰሃላ ውስጥ አብሮት ይዞር የነበረ አንድ ከታቢ በወባ ሲሞትበት፣ በዚያ በእግር ብቻ በሚኬድ ገደል ከመንደሩ ሰዎች ጋር ቃሬዛ ተሸክሞ እስከ ሟቹ ደብር አድርሶት ያውቃል። ትከሻው ቆስሎ ነበር፤ ቁስሉን ያጠብኩለት እኔ ነኝ። ሬሳው መንገድ ላይ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሸተተ፣ ዝንቡ እንዴት እንደነበር ነግሮኝ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። የእኛ አገር ሰው ዘመዱን በሰው አፈር ጥሎ አይመጣም። ኪሮስ ይህን ደንብ ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ሌላ ሰው ሳይቀጥር፣ የሲሳይን ቦታ ባዶ ትቶ፣ በሦስት ሰው ይወርዳል፤ ሦስት ሰው ደግሞ ስድስተኛው ወለል አይችልም። አራተኛው ላይ ይመታል፣ ይመለሳል፣ መምሬ ይጸልይለታል፣ እንደገና ይወርዳል። ስድስተኛው የደረሰ ቀን ደግሞ አንድ ኩሬ መንገዱን ይዘጋዋል፤ መጀመሪያ ከኩሬው ማዶ የጣላቸው ወጥመድና ሸሽተው የወጡበት በር ሁለቱም ጠፍተውበታል። ያን ጊዜ ሲሳይ ዓረብ አገር በሕይወት አለ፤ ብርድ ልብሱ አልጋችን ላይ ነው።

መርዶው የመጣው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ሲሳይ ከሚሠራበት ሕንፃ ወድቆ ሞቷል፤ እዚያው ተቀብሯል። ሬሳ ስለሌለ የድሮ ጃኬቱን ዘርግተን አለቀስን። የለቅሶ ሰው ሲገርመኝ ይኖራል። ንፍሮአችንን እየቆረጠሙ ምን ያህል ይልክላችሁ ነበር ብለው ይጠይቃሉ። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ስሙን ጌም ውስጥ አስገብቶ ጉድጓድ የጣለው ወንድሙ ነው የሚል ወሬ አስነሱ። ያወሩትን ሴቶች አውቃቸዋለሁ፤ አንዷ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ጉንጬን ስትስመኝ የምጠርገው ዞር እስክትል ጠብቄ ነው።

ወሬው ደሃና ደረሰ። የኪሮስ እናት እማማ ለምለም በአህያ ተጭነው መጡ። አማርኛቸው ከኽምጣኛ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ሲናደዱ ሙሉ በሙሉ ወደ ኽምጣኛ ይገባሉ፤ ያን ቀን ግን በአማርኛ ነበር የተናገሩት፣ እኔም እንድሰማ ነው መሰለኝ። ውኃ ሳይቀምሱ ተቀመጡ።

“ሲሳዬን ጉድጓድ ጨምረኸዋል ይላሉ” አሉት።

“አልጨመርኩትም፣ እማ። ወድቆ ነው።”

“እስቲ አሳየኝ።”

ኪሮስ ጌሙን ከፍቶ ሰጣቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ አፍንጫቸው ድረስ አቅርበው አዩት፤ በእጃቸው ዳበሱት፤ ያን የሳሙና ሽታ አሸተቱት። የልጇን ሞት ልትረዳ የመጣች እናት እጅ ላይ ያ ቆሻሻ ነገር!

“እማማ፣ እሱ እኮ ሥዕል ነው፤ የሰዉን ወሬ አይስሙ” አልኳቸው።

“ሥዕልስ ቢሆን፣ ልጄ፣ ስሙ የልጄ ስም አይደለም?” አሉኝ። ከዚያ ወደ ኪሮስ ዞሩ። “የዓረቡን አገር አፈር እኛ አንደርስበትም። ይሄን ግን በእጅህ ይዘኸዋል። ትተኸው ወጣህ?”

“ከተማው ካመጣሁት በገንዘብ ያስነሱታል፤ የሺ አንብባልኛለች” አለ ኪሮስ፣ ሊያጽናናቸው ፈልጎ።

“ማስነሳቱ የእግዜር ነው፤ እናንተ አውጡት” አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ውኃውን የጠጡት።

አላወጣነውም። ኩሬው መሻገሪያ አልነበረውም። እማማ ለምለም በመጡ ቁጥር “ወጣ?” ይላሉ፤ ኪሮስ “ገና ነው፣ እማ” ይላል፤ እኔ ተነስቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ። እሳቸው ሲሞቱ ኪሮስ ጌሙን በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥኑ ሥር ከተተው። ዓመታት ሄዱ። መብራቱ መጣ፣ ሞባይሉ መጣ። አሁን ሰው ሁሉ አውራ ጣቱን እያንቀሳቀሰ ነው የሚሄደው፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ከረሜላ የሚያፈነዳ ትልቅ ሰው አይቻለሁ። እነሱን ሳይ ኪሮስ ይሻል ነበር ማለት ያምረኛል፤ ግን ውሸት ነው፤ እሱም ያስጠላኝ ነበር። ከዚያ መብራት ለወራት የጠፋበት ጊዜ መጣና፣ ኪሮስ ሥራ ፈትቶ ሳጥኑን ሲበረብር ጌሙን አገኘው። የሬዲዮውን ድንጋዮች አስገባበት። ሦስቱ ሰዎች ከተማው ውስጥ ቆመው ይጠብቁት ነበር፤ አራተኛው ቦታ ባዶ ነው። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ ጌሙ አንድም ነገር አልረሳም። ዘገነነኝ። ኪሮስ ግን አረጀ እንጂ ሞኝ አልነበረም፤ የስድስተኛውን ወለል ግድግዳ አንድ በአንድ እየገፋ፣ የሚገፋ ግድግዳ አግኝቶ ከኩሬው ማዶ ወጣ። ያገኘው እዚያ ነው። የቀረውን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ኪሮስ በደብሩ ተቀብሯል። ለቅሶው ላይ ያው ሰዎች መጡ። “ጌም ሲጫወት ነው አሉ የሞተው” ስትል ሰማሁ አንዷ፤ ውሸት ነው፣ ጋደም ብሎ ነው። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ድንጋዮቹን ከግንቡ ላይ አንስቼ ሬዲዮው ውስጥ ላስገባ ስል እጄ ወደ ጌሙ ሄደ። ቁልፎቹ አሁንም ያጣብቃሉ። ከፈትኩት። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አነበብኩ፦ ኪሮስ፣ ጤነኛ። መምሬ፣ ጤነኛ። የሺ፣ ጤነኛ። ሲሳይ፣ ሙት። ወረወርኩት፤ አልጋው ላይ ነው ያረፈው። ባሌን ቀብሬ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ እሱ ጤነኛ ነው ይለኛል። ምን ዓይነት ቆሻሻ ነገር ነው?

ግን አራቱም ስድስተኛው ወለል ላይ ናቸው፤ ሲሳይ አራተኛው ቦታ ላይ ተጭኗል። የሚያወጣቸው ሰው ከእኔ ሌላ የለም። ኪሮስ ቢወድቅብኝ ደግሞ እሱን የምይዝበት ቦታ የለኝም፤ ጌሙ ከአንድ ሬሳ በላይ አያሸክምም፣ የሬሳውን ቦታ ሲሳይ ይዞታል። እዚያው ይቀራል። ይህን ያወቅኩ ቀን ጌሙን መልሼ አነሳሁት።

መስኮቱ ሥር፣ እሱ ይቀመጥበት የነበረው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ስድስተኛው ወለል በሩ ላይ አልተሣለም፤ ኪሮስ ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞት ሄዷል። ግድግዳ እየገፋሁ፣ እየተሳሳትኩ፣ ድንጋዩ ሲደክም እያጠፋሁ፣ በማግስቱ ፀሐይ እያሰጣሁ ደረጃውን አገኘሁት። ከአምስተኛው ጀምሮ የከሰሉ ካርታ አለ፤ እየተነሳሁ በሩን አያለሁ፣ እየተቀመጥኩ እራመዳለሁ። ነጠላዬ ጠቆረ። ንፍጡ መጣ፤ “ንፍጡ መጣ” አልኩ፣ ለማንም ሳይሆን። አንድ ቀን ድንጋዩ ሲደክም በጥርሴ ነከስኩት፤ የሚጎመዝዝ ነው፤ ተፋሁት፤ ሠራ።

ሁለተኛው ወለል ላይ አይጦች ናቸው። ሲወርዱ ቀላል የነበሩ አይጦች፣ ለደከመ ሰው ቀላል አይደሉም። ኪሮስ ከፊት ሆኖ ምቱን ሁሉ ይቀበላል፤ መምሬ ጸሎቱ አልቋል። ኪሮስ አንድ ንክሻ ከጨመረ ይወድቃል። ሸሽተን አንድ በር ጥግ ቆምን። ሰዎቹን ማሰለፊያው የት እንደሆነ ድሮ እኔ ነኝ ያነበብኩለት፤ ፈልጌ አገኘሁትና ኪሮስን ከኋላ አቆምኩት፤ ጠንቋይዋን፣ መጽሐፍ የያዘችውን፣ ከፊት አደረግኳት። እንዲህ ያለ ነገር ኪሮስ በዚያ ሁሉ ዓመት አላደረገም። አይጦቹ ነከሷት፤ ሄደች፤ ደግመው ነከሷት፤ ሄደች። ስትወጣ ሊሞት እንደደረሰ ሰው ነበረች። ሁሉም ግን ወጡ።

ከተማው ውስጥ ሙታን የሚቀመጡበት አንድ ቤት አለ። ሲሳይን እዚያ አስገባሁት። ጌሙ በዚህን ያህል ወርቅ ይነሳ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ወርቁ ነበረን። አይሆንም የሚለውን ተጫንኩ። እማማ ለምለም ያሉት ማውጣት ብቻ ነው። ከዚያ ሦስቱ ከተማው መሃል ቆሙ፤ ኪሮስ፣ ጤነኛ። ድንጋዩ እስኪደክም አየሁት፤ ፊደሎቹ ደበዘዙ፣ ግራጫው ጠፋ። ድንጋዮቹን አወጣኋቸው፤ ውስጡ እንዳይፈሱበት።

ጌሙ ጨርቁ ውስጥ ነው፤ ሳሙናው አሁንም ይሸታል። በሩን አላስቀባሁትም። ድንጋዮቹ አሁን ለሬዲዮ ናቸው፤ ዜናውን እሰማለሁ፣ እሱም ያስጠላኛል። ከሰዓት በኋላ ግንቡ ላይ እደረድራቸዋለሁ። ፀሐይዋ ስትዞር እገለብጣቸዋለሁ።